የአየርላንድ ኳስና የመንደር ፖለቲካ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው ምዕራብ አየርላንድ፣ ሜዮ የምትባል ካውንቲ ውስጥ ነው። የምሠራው አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው። አዲስ የመጡ የአገሬ ልጆች ሥራ በጀመሩ በሁለተኛው ሳምንት ይደውሉልኛል። «እነዚህ ሰዎች በሻይ ሰዓት የሚጨቃጨቁት ስለ ኳስ ነው ስለ ምርጫ?» ይሉኛል። ስለ ሁለቱም ነው። እዚህ አገር ሁለቱ አንድ ወሬ ናቸው። ስልክ ላይ መደጋገሙ ስለሰለቸኝ ጻፍኩት። የኳሱና የፖለቲካው ዓመቶች፣ ወሮችና ቀኖች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ይሄ ኳስ ምንድነው? እግር ኳስ ነው ራግቢ?

ሁለቱም አይደለም። ጌሊክ እግር ኳስ ይባላል። በየቡድኑ 15 ሰው ይሰለፋል። ኳሷ ድቡልቡል ናት፤ በእጅም ትያዛለች፣ በእግርም ትመታለች። ይዞ ከአራት እርምጃ በላይ መሄድ ግን አይቻልም። ወይ መሬት ላይ ማንጠር ነው፣ ወይ በእግር ጫፍ ነካ አድርጎ ወደ እጅ መመለስ። ለጓደኛ መወርወርም ክልክል ነው፤ በእጅ ከሆነ በጡጫ ወይም በመዳፍ ተመትታ ነው የምትሰጠው። ትልልቆቹ የካውንቲ ጨዋታዎች 70 ደቂቃ ይፈጃሉ።

እኔ መጀመሪያ ስታዲየም የገባሁ ቀን «እጅ! እጅ!» ብዬ ጮኽኩ። ማንም ዞር አላለም። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ብቻ አዘኑልኝ መሰለኝ፣ በፎይል የተጠቀለለ የእንቁላል ሳንድዊች አቀበሉኝ። የሰኔ ጾም ነበር። አመስግኜ ኪሴ ከተትኩት።

«1-11» እና «0-13» ምን ማለት ነው? ማን አሸነፈ?

የጎሉ ቋሚዎች እንደ ራግቢ ወደ ላይ የረዘሙ ናቸው። ከአግዳሚው ሥር ደግሞ መረብ አለ። ኳሷ መረቡ ውስጥ ከገባች ጎል ነው፣ 3 ነጥብ ያስገኛል። ከአግዳሚው በላይ ካለፈች 1 ነጥብ። ከሰረዙ በፊት ያለው ቁጥር ጎል ነው፣ ከሰረዙ በኋላ ያለው ነጥብ።

ከላይ ያለው የ2024 የፍጻሜ ውጤት ነው። አርማ 1-11፣ ጎልዌይ 0-13። ስትደምሩት አርማ 14፣ ጎልዌይ 13። ልብ በሉ፣ ጎልዌይ 13 ጊዜ አስቆጥሮ 12 ጊዜ ባስቆጠረ ቡድን ተሸነፈ። የጎልዌይ ሰው ፊት ይህን ሒሳብ አትሥሩ።

ከ2025 ወዲህ ሌላ ነገር ተጨምሯል። ከጎሉ 40 ሜትር ርቀት ላይ ቅስት መስመር ተሰምሯል፤ ከዚያ ውጭ ተመትታ ከአግዳሚው በላይ ያለፈች ኳስ 2 ነጥብ ነች። ሕጉን ያረቀቀውን ኮሚቴ የመሩት ጂም ጋቪን የሚባሉ ሰው ናቸው። ስማቸውን ያዙት፣ ፖለቲካው ላይ እንመጣባቸዋለን።

ሻምፒዮናው እንዴት ነው የሚካሄደው?

ደሴቲቱ 32 ካውንቲዎች አሏት። 26ቱ በሪፐብሊኩ፣ 6ቱ በብሪታንያ ሥር ባለው ሰሜን አየርላንድ። ለኳሱ ድንበር የለም፣ ከኪልኬኒ በቀር ሁሉም በአንድ ውድድር ይጫወታሉ። መጀመሪያ በአራት ክፍላተ ሀገር ተከፍለው ይጋጠማሉ፦ አልስተር፣ መንስተር፣ ሌንስተርና ኮናክት። ከዚያ ጠንካሮቹ ወደ አገር አቀፉ ዙር ያልፋሉ። ደከም ያሉት ከ2022 ጀምሮ ታልቻን የሚባል የራሳቸው ዋንጫ አላቸው። ለንደንና ኒውዮርክ ያሉ ስደተኛ አየርላንዳውያንም ቡድን ያሰልፋሉ፤ የሚጫወቱት ኮናክት ውስጥ ነው። ኒውዮርክ በ2023 ሊትሪምን በመለያ ምት ሲያሸንፍ በሻምፒዮናው ታሪኩ የመጀመሪያ ድሉ ነበር።

ፍጻሜው ደብሊን፣ ክሮክ ፓርክ ነው። 82 ሺህ ሰው ይይዛል። ዋንጫው ሳም ማጓየር ይባላል፣ ሰዉ ግን «ሳም» ብቻ ነው የሚለው፣ እንደ ዘመድ። «ዘንድሮ ሳም ወደ ቤቱ ይመጣል» ሲሉ ሰምታችሁ ከውጭ የሚመለስ ልጅ ያለ እንዳይመስላችሁ። በ2025 ሳምን የወሰደው ኬሪ ነው፤ ዶኒጎልን 1-26 ለ 0-19 ረታ። ለኬሪ 39ኛው ነው። የሚቀርበው ደብሊን 31 አለው።

ድሮ ፍጻሜው መስከረም ላይ ነበር። ከ2022 ጀምሮ ሐምሌ ላይ ሆነ፣ የክለብ ጨዋታዎች ጊዜ እንዲያገኙ። ምክንያቱ ጥሩ ነው። እኛ ቤት ያሉ አዛውንቶች ግን እስከ ዛሬ አልተቀበሉትም። ወሬ ሲጠፋ ይቺን ጣል ማድረግ ነው፣ ግማሽ ሰዓት ትወስዳለች።

ተጫዋቾቹ ስንት ይከፈላቸዋል?

ደመወዝ የለም። ክሮክ ፓርክ ሙሉ ሕዝብ ፊት እሑድ የተጫወተው ልጅ ሰኞ ጠዋት አስተማሪ ነው፣ ወይ ኤሌክትሪሺያን ነው። ኬሪ ገንዘብ አውጥቶ የሜዮን ልጅ አይገዛም። ሰው የሚጫወተው ለተወለደበት አጥቢያ ክለብ ነው፣ ጎበዝ ከሆነ ደግሞ ለካውንቲው። ጠቅላላው ነገር የቆመው እዚህ ላይ ነው።

አንድ የምንከባከባቸው አባት መጀመሪያ ቀን «ከየት ነህ?» አሉኝ። ከኢትዮጵያ አልኳቸው። «እሱን አይደለም፤ ከየትኛው አጥቢያ?» አሉኝ። ጉለሌ አልኩ። በቀጣዩ ሰኞ ቁርሳቸውን ይዤ ስገባ «ጉለሌ ትናንት እንዴት ዋለች?» ብለው ጠየቁኝ።

ታዲያ ፖለቲካው የት ጋ ገባ?

እዚሁ ጋ፣ አጥቢያው ላይ። የምርጫ ሥርዓታቸውን ካላየን ግን አይገባም።

አየርላንድ ውስጥ አንድ ሰው ላይ ምልክት አድርጎ መውጣት የለም። ወረቀቱ ላይ በተወዳዳሪዎቹ ስም ትይዩ 1፣ 2፣ 3 እያላችሁ ታስቀምጣላችሁ። ለፓርላማ ከአንድ የምርጫ ክልል 3፣ 4 ወይም 5 ሰው ይመረጣል። አንደኛ ያላችሁት ሰው ከወደቀ ድምፃችሁ ሁለተኛ ወዳላችሁት ይተላለፋል። ከሚያስፈልገው በላይ ድምፅ ካገኘም ትርፉ ይተላለፋል። ቆጠራው ቀናት ሊወስድ ይችላል።

ውጤቱ ምንድነው? ከአንድ ፓርቲ ሁለት ሦስት ሰው በአንድ ክልል ይወዳደራል፤ እርስ በርስም ይፎካከራሉ። ፕሮግራማቸው አንድ ነው። የሚለያዩት በሰፈር ነው። «እሱ የሰሜን ልጅ ነው፣ የኛን መንገድ አያውቀውም» ይባላል። ይህን የሚሉት እነዚያው ሰዎች ናቸው፣ ቅዳሜ ማታ «አሰልጣኙ የደቡብ ክለቦችን ልጆች አይመርጥም» ሲሉ የነበሩት። ዐረፍተ ነገሩ አንድ ነው፣ ስሙ ብቻ ይቀየራል።

ዕድል ካገኛችሁ የቆጠራ ቦታ ሄዳችሁ እዩ። ብዙ ጊዜ የስፖርት አዳራሽ ውስጥ ነው። ሳጥኑ ሲከፈት ቆጣሪዎቹ ወረቀቶቹን ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገው ይዘረጋሉ። ከአጥሩ ወዲህ ማዶ የፓርቲ ሰዎች ደረታቸውን አስደግፈው ቆመዋል፤ በአንድ እጅ የተወዳዳሪዎች ዝርዝር፣ በሌላው እርሳስ። 1 ቁጥር ያለበትን ስም ባዩ ቁጥር ጭረት ያደርጋሉ። አራት ጭረት፣ አምስተኛውን በአግድም። ሳጥኑ የየትኛው ትምህርት ቤት እንደሆነ ያውቃሉ። ስለዚህ የትኛው መንደር ለማን እንደሰጠ ከምሳ በፊት ያውቁታል። ቀንደኛ ተቃዋሚዎች ቁጥራቸውን ይለዋወጣሉ፣ ምክንያቱም ማንም ብቻውን ሁሉንም ሳጥን አይደርስበትም። ይፋዊው ውጤት ገና ሳይነገር የሚያለቅስ ሰው ካያችሁ፣ ጭረቱን አይቶ ነው።

እኔ ባለፈው እዚያ ከቆሙት ሁለቱን አወቅኳቸው። ስታዲየም ውስጥ በፕሮግራሙ ጀርባ ላይ ነጥብ የሚመዘግቡት ናቸው። እርሳሱም ያው የጨዋታው እርሳስ ሳይሆን አይቀርም።

ኳስ ተጫውተው ፖለቲከኛ የሆኑ ብዙ ናቸው?

ሞልተዋል። ትልቁ የኮርኩ ጃክ ሊንች ናቸው። ከ1941 እስከ 1946 በተከታታይ ስድስት የአገር አቀፍ ሜዳሊያ ወሰዱ። አምስቱ በኸርሊንግ (የዱላ ጨዋታው) ነው፣ የ1945ቱ በጌሊክ እግር ኳሱ። ከዚያ ፓርላማ ገቡ፣ ሁለት ጊዜም ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

የኛዋ ሜዮ ደግሞ ለብቻዋ ድራማ ናት። ሄንሪ ኬኒ በ1936 ከሜዮ ጋር ዋንጫ አነሡ፤ ኋላ የፓርላማ አባል ሆኑ። በ1975 ሲሞቱ በማሟያ ምርጫ ልጃቸው ኤንዳ ቦታቸውን ያዘ። ኤንዳ ኬኒ ከ2011 እስከ 2017 ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። በእሳቸው ዘመን ሜዮ በ2012፣ በ2013 እና በ2016 ፍጻሜ ደርሶ ሦስቱንም ተሸነፈ። አገር መምራት ይቀላል የሚሉ አሉ።

ጆን ኦማሆኒንም ልጨምር። በ1989 ሜዮን አሰልጥነው ፍጻሜ አደረሱ፣ ተሸነፉ። ሄደው ትንሿን ሊትሪምን በ1994 የኮናክት ሻምፒዮን አደረጉ። ከዚያ ጎረቤት ጎልዌይን ይዘው በ1998 እና በ2001 ሳምን ወሰዱ። ከጎልዌይ ጋር! ሜዮ ግን ቂም አልያዘችም። በ2007 ፓርላማ ላከቻቸው፣ ቡድኑንም መልሳ ሰጠቻቸው። በ2024 ሲያርፉ ሁለት ካውንቲ አለቀሰላቸው።

ዝና ካለ ታዲያ ምርጫ ማሸነፍ ቀላል ነው?

አይደለም። ጂም ጋቪንን ያዙት ብያለሁ። ደብሊንን እያሰለጠኑ ከ2013 እስከ 2019 ስድስት ጊዜ ዋንጫ ያነሡ ሰው ናቸው፣ አምስቱ በተከታታይ። ከዚያ በፊት ማንም አምስት ተከታታይ ወስዶ አያውቅም። አዲሱን ሕግ አረቀቁ፣ ጨዋታው ነፍስ ዘራ፣ ሁሉም አጨበጨበላቸው። በ2025 ፊያና ፎል የተባለው ትልቅ ፓርቲ ለፕሬዝዳንትነት አቀረባቸው። ክርክር ላይ ግን አልሆነላቸውም። ቀጥሎ የድሮ ተከራያቸው በትርፍ የከፈለው 3,300 ዩሮ ሳይመለስለት መቅረቱ ወጣ። ጥቅምት 5 ቀን ከውድድሩ ወጡ።

የሚገርመው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ስማቸውን ከወረቀቱ ለማውጣት ጊዜው አልፎ ነበር። የምርጫው ቀን ከ100 ሺህ የሚበልጥ ሰው ውድድሩን ለተወ ሰው 1 ቁጥር ሰጠ። ያሸነፉት የጎልዌይዋ ካትሪን ኮኖሊ ናቸው። እኛ ቤት «በዕረፍት ሰዓት ሜዳ ለቅቆ 7 በመቶ ያገኘ አሰልጣኝ» ተብሎ ሲሳቅ ሰነበተ።

ማኅበሩ ራሱ ፖለቲካ ውስጥ አለበት?

እነዚህን ጨዋታዎች የሚመራው ማኅበር ጂኤኤ ይባላል። በ1884 ቱርለስ ከተማ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ተመሠረተ፤ አየርላንድ በእንግሊዝ ሥር እያለች። ደንቡ የፓርቲ ፖለቲካ አይነካኝም ይላል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። ኅዳር 21 ቀን 1920 የእንግሊዝ ኃይሎች ደብሊንና ቲፐራሪ እየተጫወቱ ክሮክ ፓርክ ገብተው ተኮሱ። 14 ሰው ሞተ፣ አንዱ የቲፐራሪ ተጫዋች ማይክል ሆጋን ነበር። ዛሬ ዋንጫው የሚነሣበት የስታዲየሙ ክፍል በስሙ ይጠራል። ዋንጫው የተሰየመለት ሳም ማጓየር ራሱ የኮርክ ፕሮቴስታንት ነበር፤ ለንደን ሆኖ ኋላ የነፃነት ትግሉ መሪ የሆነውን ማይክል ኮሊንስን ለድብቁ የነፃነት ድርጅት የመለመለ ሰው ነው።

ምሬቱ ደንቡ ውስጥም ነበረ። አባላት «የባዕድ ጨዋታ» (እኛ የምናውቀውን እግር ኳስ፣ ራግቢን) እንዳይጫወቱ፣ እንዳያዩም ተከለከለ። በ1938 የአገሪቱ ፕሬዝዳንት ዳግላስ ሃይድ አንድ የእግር ኳስ ግጥሚያ ስላዩ ከማኅበሩ የበላይ ጠባቂነት ተነሡ። ፕሬዝዳንቱ! ክልከላው የተሻረው በ1971 ነው። ክሮክ ፓርክን ለራግቢና ለእግር ኳስ የመክፈት ውሳኔ በ2005 መጣ። በ2007 እንግሊዝ ራግቢ ልትጫወት ስትመጣ፣ የእንግሊዝ መዝሙር በዚያ ሜዳ ሲዘመር ሕዝቡ ዝም ብሎ ሰማ። ከዚያ አየርላንድ 43 ለ 13 አሸነፈች። ያን ቀን የሚያስታውሱ ሰዎች መጀመሪያ የሚያወሩት ስለ ዝምታው ነው።

ሰሜን አየርላንድ ላይስ?

እዚያ ነገሩ ስስ ነው፤ በቀልድ አትጀምሩ። በ1960 ዳውን ሳምን ለመጀመሪያ ጊዜ ድንበር አሻገረ። የሰሜን ፖሊሶችና የእንግሊዝ ወታደሮች አባል እንዳይሆኑ የሚከለክለው ደንብ የተሻረው በ2001 ነው። አሁን ትልቁ ጭቅጭቅ ቤልፋስት ያለው ኬዝመንት ፓርክ ስታዲየም ነው። ከ2013 ጀምሮ ዝግ ነው። እንደገና ለመሥራት ማን ምን ያህል ይክፈል የሚለው እስካሁን ያነታርካል።

አንድ ነገር ግን አለ። በ2018 ለእንግሊዝ ታማኝ የሆነው ትልቁ ፓርቲ መሪ የነበሩት አርሊን ፎስተር የአልስተርን ፍጻሜ ሊያዩ ሄዱ። ለምን? የተጫወተው ፈርማና ነበር፣ የራሳቸው ካውንቲ። ፈርማና አልስተርን አሸንፎ አያውቅም፣ ያን ቀንም ዶኒጎል አደባየው። ሴትዮዋ ግን ሄዱ።

ደጋፊዎች ከፖለቲከኞች ምን ይፈልጋሉ?

መጀመሪያ ገንዘብ። ክለቡ መብራት ሊተክል ነው፣ ልብስ መቀየሪያ ሊሠራ ነው፤ መንግሥት ለስፖርት ቦታዎች የሚሰጠው ድጎማ አለ። ድጎማው ሲወጣ የአካባቢው የፓርላማ አባላት ሁሉ «በእኔ ጥረት» ብለው እኩል ያውጃሉ።

ቀጥሎ ቴሌቪዥን። በ2023 ብዙ ጨዋታ በክፍያ ኢንተርኔት ብቻ ሲተላለፍ አገር ተነሣ። አረጋውያን እንዴት ይዩት ተባለ። ጉዳዩ ፓርላማ ኮሚቴ ደረሰ። እኛ ቤት እኔ በስልኬ ከፍቼ ለስድስት ሰው ስይዝ ክንዴ ዝሎ ነበር፤ ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ገለልተኛ አይደለሁም።

ከሁሉም በላይ ግን ካውንቲያቸው እንዳይቆረስ ይፈልጋሉ። ሊትሪም 35 ሺህ ሰው ብቻ ነው ያላት። በ2007 ምርጫ ለሁለት ተከፍላ ለጎረቤቶቿ ተደረበች፤ አንድም የሊትሪም ሰው ፓርላማ ሳይገባ ቀረ። ሊትሪሞች ሳምን ወስደው አያውቁም፣ ግን የ2007ቱን ሲያወሩ ነው ድምፃቸው የሚቀየረው።

ዳኛ ስለበደላቸው ስንት ዓመት ይናደዳሉ?

ላውዝ 15 ዓመት ተናዷል። በ2010 የሌንስተር ፍጻሜ ላውዝ በመጨረሻው ደቂቃ እየመራ ነበር። ሚዝ ሕገ ወጥ የሆነ ጎል አገባ፣ ዳኛው አጸደቀው። ሚዝ ዋንጫውን ወሰደ፣ ጨዋታው አልተደገመም። ላውዝ ሌንስተርን ያሸነፈው በ1957 ነበር። በ2025 እንደገና ፍጻሜ ደረሰ። ተጋጣሚው ማን? ሚዝ። ላውዝ 3-14፣ ሚዝ 1-18። አሁን ደምሩት፣ ተምራችኋል።

የሜዮ እርግማን እውነት ነው?

በ1951 ዋንጫ ይዘው ሲመለሱ ፎክስፎርድ ላይ ቀብር ገጠማቸው፣ ሳያከብሩ አለፉ፣ ቄሱ «ከእናንተ አንድ ሰው በሕይወት እስካለ ድጋሚ አታሸንፉም» ብለው ረገሙ ይባላል። ማስረጃ የለውም። ከ1989 እስከ 2021 ግን 11 ፍጻሜ ተሸነፉ። በ2016 አቻ በወጡበት ጨዋታ ደብሊን ያገኛቸውን ሁለት ጎሎች ያገቡት የሜዮ ልጆች ራሳቸው ናቸው፣ በገዛ መረባቸው። የ1951 ቡድን የመጨረሻው ሰው በ2021 መስከረም ላይ ዐረፉ። ከዚያ ወዲህ እስከ 2025 ሜዮ ፍጻሜም አልደረሰም። እኔ ቄሱን አላምንም። ግን ፎክስፎርድ ላይ ቀብር ካየሁ መኪና አቆማለሁ።

ልጄን ክለብ ላስገባት? እኛንስ ፖለቲካቸው ምን አገባን?

አስገቧት። ክፍያው ትንሽ ነው። ባለ ጥርስ ጫማና የጥርስ መከላከያ ያስፈልጋታል፤ መከላከያው ግዴታ ነው። እናንተም አትቀሩም፣ በሁለተኛው ወር ማልያ እጠቡ ትባላላችሁ።

ፖለቲካው ደግሞ ያገባናል። ለአካባቢ ምክር ቤት ምርጫ ዜግነት አይጠየቅም፤ እዚህ ነዋሪ ከሆናችሁና 18 ዓመት ከሞላችሁ ተመዝግባችሁ ትመርጣላችሁ። ያለፈው በ2024 ሰኔ ነበር። ብዙ ሐበሻ ይህን አያውቅም።

እኔ ቤት አንድ ተወዳዳሪ ዝናብ እየመታው በሩን አንኳኳ። ስለ መንገድ ላናግረው ተዘጋጅቼ ነበር። ወረቀቱን ሳይሰጠኝ በፊት በሩ ሥር የተቀመጠውን ጭቃ የበላ የልጄን ጫማ አየ።

«የት ነው የምትጫወተው?» አለኝ።

ነገርኩት። «አሃ» አለና ወደ ውስጥ አንድ እግሩን አስገባ። «የነሱ በረኛ እኮ የእህቴ ልጅ ናት።»